የረዳቱ ወንበር

ኅዳር 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የሰባተኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ክፍልፋይ አሁንም አልገባቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው መሰለኝ... ሰሞኑን ልቤ ክፍል ውስጥ የለም። ዛሬ ጠመኔ እንደያዝኩ በመስኮት መንገድ መንገዱን ሳይ፣ ለካ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

ቤት ስገባ አባባ እንደ ወትሮው ደጅ፣ በርጩማው ላይ። ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን ካስረከበ ወዲህ ቦታው እዚያ ነው። ከታቦር ተራራ ሥር ቁጭ ብሎ በዋናው መንገድ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል። "ኤንትሬ ነው። ከዲላ ቡና ጭኗል። ልጁ ጀማሪ ነው፣ ዳገት ሳይዘው ማርሽ መቀነስ አያውቅም።" ለማንም አይደለም የሚያወራው። እኔ ግን እሰማለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ።

ሠላሳ ዓመት የአሰብ መንገድ ሾፌር የነበረ ሰው፣ መሪ ከለቀቀ ወዲህ አንድም ቀን መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሆስፒታል እንኳን በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ያውም እያረፈ። መኪና ልለምንልህ ስለው፣ "በቀኝ በኩል አልቀመጥም፤ እሱ የረዳት ወንበር ነው" ይላል። ከኋላ ተቀመጥ ስለው ደግሞ፣ "ዕቃ ነኝ?"

እቁብ ደረሰኝ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከኔ በላይ ተደስተው፣ "በይ አሁን ጓሮ ሁለት ክፍል ሥሪና አከራዪ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እዚህ ብጽፈው ማን ያየኛል? መኪና ነው የምፈልገው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀላል፣ ሩጫ የምታውቅ። አንዱ ወንበር የኔ፣ አንዱ የአባባ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ኩማ ጋራዥ ሄድኩ። ኩማ ድሮ የአባባ ረዳት ነበር። ናዝሬት ስንኖር አባባ ሲመጣም ከሱ ጋር፣ ሲሄድም ከሱ ጋር። አሁን የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ ሠራተኞች አሉት፤ አባባን ግን ዛሬም ቆሞ ነው የሚያናግረው።

ልጅ ሆኜ በኩማ እንዴት እቀና እንደነበር! አንድ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ይሆናል፣ አባባ ሊነሳ ሲል የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። እኔም እሄዳለሁ አልኩ። አባባ ሳቀ። ኩማ ተንጠልጥሎ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ አልጠየቅኩም። ደጅ ቆሜ መጠበቅ ብቻ...

ጋራዡ ውስጥ፣ አንዲት ቢጫ። ፊያት ስምንት መቶ ሃምሳ ስፓይደር። ቁመቷ ወገቤ ላይ አይደርስም። ጣራዋ የሚታጠፍ ሸራ። ሞተሯ ከኋላ። የሲኞር ሬናቶ ናት፣ የእርሻዎቹን ፓምፕ የሚጠግነው ጣሊያን። ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው፣ ይሸጣታል።

"ይቺ መኪና ናት ጫማ?" አለ ኩማ።

"ጉልበቷስ?"

"ሃምሳ ፈረስ አትሞላም። ግን ምን ክብደት አላትና! መሪዋን ገና ስታስቢው ትዞራለች።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ወጣሁ። ደግሞ ገባሁ። ኩማ ሳቀብኝ።

ኅዳር 9

ስለ ቢጫዋ ሳስብ ዋልኩ። ሌላ የረባ ነገር አልሠራሁም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ለአባባ ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኑ በራ እንጂ! ስለ መኪና ያማከረው ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው...

ቢጫዋን ስገልጽለት ግን ፊቱ ጠቆረ። "ሃምሳ ፈረስ? እሱ ወፍጮ ነው። ስሚኝ ፅጌ፣ መኪና ማለት ሞተር ነው። የቀረው ቆርቆሮ ነው።"

እሱ ያሰበው የደምሴን አልፋ ነው። ደምሴ የአንዱ እርሻ ባለቤት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሊገባ ስለሆነ አልፋ ሮሜዮውን ለገበያ አውጥቷል። አባባ መኪናዋን አይቷት አያውቅም። በድምፅ ነው የሚያውቃት። "በሻሸመኔ መንገድ ስትለቀቅ አልሰማሻትም? ሞተር እንዲያ ነው የሚናገረው!"

"እሷን ብገዛ ትቀመጣለህ?"

"የት?"

"አጠገቤ።"

"ሞተሩን ለመስማት ያህል... እናያለን።"

እናያለን አለ! አይሆንም አላለም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጠዋት በሬዲዮ የተነገረው... ያ ሁሉ የተረሸነ ባለሥልጣን ስም። ሰፈሩ ጭር አለ። አባባ ሬዲዮኑን ዘግቶ ወደ ውስጥ ገባ፣ በርጩማውን ደጅ ረስቶ። ዛሬ ስለ መኪና አልጽፍም።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ተቀመጠ! በቀኝ በኩል ተቀመጠ!

ደምሴ አልፋዋን ይዞ መጣ። እኔ መሪ ያዝኩ፣ እሱ ከኋላ ለስሙ ያህል በተሠራችው ወንበር ላይ ተጣጥፎ ገባ። አባባ በሩን ይዞ ቆመ... ቆመ... ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን አስግገዋል። "ለሞተሩ ነው" አላቸው አባባ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ገባ።

የሻሸመኔ መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ደምሴ "ስጪያት! ስጪያት!" ይላል። ሰጠኋት። ኡ! ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሮጡ። ልክ ነው፣ ሞተር እንዲህ ነው። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን መሪውን ለሁለት ሰው የሚበቃ ያህል ጨብጬ ነበር። በሬ መንገድ ሲያቋርጥ ስጠመዝዛት ክብደቷ ሁሉ ወዲያ ሄደ፣ እኔ ወዲህ ቀረሁ።

ከዚያ የአባባን እግር አየሁ።

ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ጋሪ ስናይ ይረግጣል። አውቶቡስ ከፊት ሲመጣ ይረግጣል። በሌለ ፍሬን ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ። ሄደን እስክንመለስ አንድም ጊዜ አላነሳውም። ፊቱን ብታይ ግን የሰርግ ቤት ነው! "ስሚ... ስሚ ድምፁን!" እያለ።

ስንወርድ ለእትዬ አስካለ፣ "ሞተር ማለት ይሄ ነው" አላቸው። ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ በላዩ ጠጣ።

ኅዳር 30

አባባ ቀኝ ባቱን አሞት አደረ። ቅባት አሸሁለት። "ብርድ ነው" ይላል። ብርድ!

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ቢጫዋን ነዳኋት። ኩማ ከጎኔ። ወደ ወንዶ ገነት፣ ኩርባ ኩርባውን።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? አልፋዋ ይዛኝ ሄደች፤ ይቺን ግን እኔ ነኝ የወሰድኳት። ጠጠሩ፣ ጉድጓዱ፣ እርጥቡ... ሁሉም በመሪው መጥቶ እጄ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ኩርባው ሲመጣ አንድ ማርሽ መቀነስ፣ መሪውን ትንሽ መንካት፣ በቃ። ዳገት ላይ ግን አፈርኩ። አህያ የጫነ ሰው ሊቀድመን ምንም አልቀረው። ኩማ በሳቅ ሞተ።

ስንመለስ፣ "ጋሼ አንቺን ለምን እንዳልወሰደሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ሴት ስለሆንኩ ነዋ።"

"ሴት አይደለም። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ፣ ከነተሳቢው፣ ሙሉ ጭነት፣ ፍሬን እምቢ አለን። ጋራውን አስተሻሽቶ አቆማት። ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠ። 'ልጄን እዚህ ወንበር ላይ? በሕይወቴ አላስቀምጥም!' አለ። 'እኔስ ጋሼ?' አልኩት። 'አንተማ ደሞዝተኛ ነህ' አለኝ።"

ሳቅን። ከዚያ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ሌላ... ያ የፋሲካ ቀሚስ...

ኩማ አንድ ነገር ጨመረ። "አንድ ቀን እንኳን እኔ ስነዳ ተኝቶ አያውቅም። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው፣ መሪ ሲለቅልኝ ዓይኑ ፍጥጥ፣ እግሩ ወለሉ ላይ። ልፋ ብሎት!"

ታኅሣሥ 8

በሒሳብ ልወስን ብዬ ተቀመጥኩ። አስተማሪ አይደለሁ? የአልፋ ክብደት አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ፣ ጉልበቷ መቶ አሥራ አምስት ፈረስ። አካፈልኩ፤ አንዱ ፈረስ ዘጠኝ ኪሎ እንኳን አይደርሰውም። ቢጫዋ ሰባት መቶ ኪሎ፣ ፈረሶቿ ሃምሳ አይሞሉም። አንዱ ፈረስ አሥራ አምስት ኪሎ ይጎትታል። አልፋ አሸነፈች። ደግሜ ሠራሁት፣ እንደገና አልፋ።

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

አባባ የሚቀመጠው አልፋዋ ላይ ነው። ቢጫዋን ገና በስሟ ጠልቷታል። ልቤ ቢጫዋ ጋ ነው፣ ያለ አባባ ግን ቢጫዋን ምን አደርጋታለሁ? ብቻዬን ወንዶ ገነት ልመላለስባት? እትዬ አስካለን ከጠየቅኳቸው መልሱ ያው ነው፤ "ሁለቱም መኪና አይደሉም። አንድ ፎልክስ ግዢና የእድሩን ሰው ለቅሶ ታደርሺበታለሽ።"

ሒሳቡ ላይ የጎደለ ቁጥር አለ። የአባባ እግር። አልፋዋ ላይ ተቀምጦ የሚረግጥ ከሆነ፣ ተቀመጠ ይባላል? እሱ አጠገቤ አልነበረም እኮ... ጣርማ በር ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ወሰንኩ። ቢጫዋ።

ነገርኩት። በርጩማው ላይ እንዳለ አንገቱን ሳያዞር፣ "እኔ የሰርዲን ጣሳ ውስጥ አልገባም" አለኝ። ራትም አልበላም።

ከሰርሁ ይሆን?

ጥር 5፣ ሰኞ

ሊብሬው በስሜ ዞረ። ሲኞር ሬናቶ ቁልፉን ሲሰጠኝ የቢጫዋን ጀርባ መታ መታ አደረገና፣ "ፒያኖ ፒያኖ" አለኝ፣ ቀስ እያልሽ ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም እሱን አይቼ...

ግቢ አስገባኋት። አባባ ለማየት አልወጣም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ በመስኮት አየሁት። ቤት የለችም ብሎ ነው። ቢጫዋን ዞራት። አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ የድሮ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው። የፊት ኮፈኑን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለገ፣ ፈለገ... ሞተር የለም! ትርፍ ጎማና ኩማ ሚዛን እንዲሆናት ያስገባው ግማሽ ጆንያ ጨው ብቻ። ቀስ ብሎ ዘጋው። ትራስ ነክሼ ሳቅሁ።

ማታ ራት ላይ፣ "ከፊት ባዶ ናት። ነፋስ ያነሳታል" አለኝ።

"ጨው አለባት።"

"ጨው!" አለ። ከታኅሣሥ ወዲህ ስለ እሷ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

የካቲት 26

ትናንት መሬት ለአራሹ ታወጀ። ከተማው በሰልፍ ተሞላ፣ እኛም ከነተማሪዎቻችን ወጣን። ከገጠር የመጡት ሰዎች ሲጨፍሩ አቧራው ታቦርን ሸፈነው። ደምሴ አስቀድሞ ሄዷል። አልፋዋን ማን እንደገዛት አላውቅም፤ አባባ ግን ዛሬ ጆሮውን አቅንቶ፣ "እሷ ናት። እየገደሏት ነው" አለ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ብቻዬን ሐይቁ ዳር ነዳሁ፣ እስከ ቡሹሎ መታጠፊያ። ሸራውን አጥፌ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ልጆች ይሮጡልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተመኝቼ ያገኘኋት ናት። ግን ወደ ቀኝ ዞር ስል ወንበሩ ላይ የተማሪዎቼ ደብተር ነው ያለው።

ሰው አጠገቡ የሚኖረውን ሰው እንዲህ ይናፍቃል? አንድ ቤት ነን፣ አንድ ማዕድ ነው የምንቆርሰው። እኔ ግን አሁንም የናዝሬቱ ደጅ ላይ ነኝ፣ በፋሲካ ቀሚሴ። ይምጣ ብዬ አይደለም አሁን። ና እንሂድ ልለው ነው።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ባዬ አረፈ። የአባባ የአሰብ መንገድ ጓደኛ፣ ይርጋለም የሚኖረው። ኩማ ሰምቶ ሲነግረው አባባ ባርኔጣውን አወለቀ። ኩማ የድሮ ሾፌሮችን በፒክአፑ ጭኖ ዛሬውኑ ሄደ። አባባን ከኋላ አይጭነው ነገር... ጋቢናውን ደግሞ የባዬ ታላቅ ወንድም ይዞታል።

የባዬ ለቅሶ የማይቀር ነው። አባባም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሲመሽ፣ "ፅጌ" አለኝ።

"አቤት።"

"ቤንዚን አላት?"

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ያቺን አሮጌ የቆዳ ጃኬቱን ለበሰ። ገባ። ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው። "ወለሉ ላይ ነው እንዴ የምንቀመጠው!" አለ። በሩን ራሱ ዘጋ።

ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ እርጥብ። ከከተማ ስንወጣ እግሩን አየሁ። ይረግጣል። ሞሮቾ እስክንደርስ ይረግጣል። ምንም አልተለወጠም ማለት ነው አልኩ... ባቱን ዛሬም ማሸት ነው።

ዳገት ላይ ቢጫዋ አቃሰተች። "ይኸው! ትለምናለች!" አለ፣ ሊስቅ እየቃጣው። ከአፖስቶ ወዲህ ቁልቁለቱ መጣ፣ ጠመዝማዛው። እኔ ፍሬን አልነካሁም። ማርሽ ቀነስኩ፣ ሞተሩ ያዛት፣ መሪውን ትንሽ ሰጠኋት፣ ዞረች። ሁለተኛው ኩርባ... ዞረች። ሦስተኛው ላይ ጭቃ ነበር። ጅራቷ ትንሽ ወጣ ሲል በመሪ መለስኳት፣ እሺ አለች።

"ቁልቁለት ላይ ማርሽ መያዝ ማን አስተማረሽ?" አለኝ በመጨረሻ።

"አንተ።"

"እኔ መቼ?"

"ደጅ ቁጭ ብለህ ስታወራ። በየቀኑ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ቆይቶ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ "ጉልበት የሚፈለገው ሽቅብ ላይ ነው። እኛ ግን ጓደኞቻችንን የቀበርነው ቁልቁለት ላይ ነው" አለ።

ለቅሶው ቤት ድንኳኑ የሾፌር ነው፣ ሁሉም ባለ ጃኬት፣ ሁሉም ሽበት። አባባ ከቢጫዋ ሲወጣ ሲያዩት ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ፈገግ አሉ። አንዱ፣ "ሽበሺ፣ ከኤንትሬ ወርደህ እዚህ ውስጥ?" አለው። አባባ፣ "አትሳቅ። መንገድ ታውቃለች" አለ። ከዚያ ወደ ባዬ ሚስት ሄዶ አለቀሰ።

አመሻሽ ላይ ተመለስን። ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ አስፋልቱ ይጨሳል። ስለ ባዬ ትንሽ አወራኝ፣ አሰብ ላይ ጨው የጫኑ ጊዜ... ወሬው መሀል ላይ ቆመ። የሚያስታውስ መስሎኝ ጠበቅኩ። ኩርባው መጣ፣ ወሰድኩት። ሌላ ኩርባ። ዞር ብዬ አየሁት።

ተኝቷል።

አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ባርኔጣው አፍንጫው ላይ ወርዶ። እግሩ... ቀኝ እግሩ ወደ ጎን ዘመም ብሎ፣ ጫማው ከወለሉ ተነሥቶ በተረከዙ ብቻ ተጋድሟል። ኩርባ ሲመጣ ከመኪናዋ ጋር ይወዛወዛል። ምንም አይረግጥም።

አለቀስኩ። እየነዳሁ አለቀስኩ፣ ድምፅ እንዳላሰማ እየተጠነቀቅኩ።

የታቦር መታጠፊያ ደረስን። አልታጠፍኩም። እትዬ አስካለ መታጠፊያው ላይ ቆመው አዩን፣ እጃቸውን አነሱ፣ አለፍኳቸው። የሻሸመኔን መንገድ ያዝኩ፣ ቀስ ብዬ፣ በአርባ። ከኋላዬ ከባድ መኪና መጥቶ ክላክሱን ነፋ፣ አሳለፍኩት። ኤንትሬ ነበር። አባባ አልሰማውም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

እንደ ወትሮው በእግሬ ሄጄ ትምህርት ቤት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር፣ አርፍጄ መጣሁ። ደጅ ስደርስ በርጩማው የለም። ደነገጥኩ። አባባ! አባባ!

ግቢ ውስጥ ነው። ቢጫዋ ውስጥ፣ በቀኝ በኩል፣ ባርኔጣውን ጭኖ፣ ጃኬቱን ለብሶ።

"ባትህን አሞህ አደረ?" አልኩት።

"የምን ባት?" አለኝ። "የት ቆየሽ? ስጠብቅሽ ነው የዋልኩት።"

የደብተር ቦርሳዬን ከኋላ ወረወርኩና ገባሁ።